ስለ ራሽ መመለስና ስለ አዲሷ ድራመር

ክቡር አዘጋጅ፣

የካናዳው የሮክ ባንድ ራሽ ከረጅም ዝምታ በኋላ በአዲስ ድራመር፣ በጀርመናዊቷ በአኒካ ኒለስ፣ ወደ መድረክ እንደሚመለስ ከተነገረ ወዲህ በአድናቂዎቹ መካከል የተነሣውን ክርክር በተመለከተ ያወጣችሁትን ዘገባ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ዘገባው አድናቂዎቹን በሁለት ጎራ ከፍሎ፣ አንዱን የደስተኞች፣ ሌላውን የቅሬተኞች ወገን አድርጎ አቅርቧል። እኔ ግን የዚህን ባንድ ሙዚቃ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው እንደ መሆኔ፣ ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ሰው ልብ ውስጥ፣ ያውም በአንድ ቀን፣ እየተፈራረቁ ሊያድሩ እንደሚችሉ በራሴ አይቻለሁ። ስለዚህ ከቅሬታው በስተጀርባ ያለውን ሐዘን ሳላቃልል፣ በመጨረሻ የባንዱን መመለስ ለምን እንደ ደገፍኩ ለአንባቢዎቻችሁ ላስረዳ እወዳለሁ። በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅሬታው ከየት እንደሚመነጭ ሳይገባን ልንወቅሰው አይገባም። የባንዱ ድራመርና የግጥሞቹ ደራሲ ኒል ፒርት ያረፈው ጃንዋሪ 7 ቀን 2020 ሲሆን፣ ዕድሜው 67 ነበር። ግሊዮብላስቶማ በሚባለው የአንጎል ካንሰር ከሦስት ዓመት በላይ ሲታመም፣ ከቅርብ ወዳጆቹና ከቤተሰቡ በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ ሞቱም ለሕዝብ የተነገረው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ከሁለት ወር ያህል በኋላ ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ አዳራሾችን ሁሉ ዘጋ። በዚህ ምክንያት አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ ላይ ሲጮኽና ሲዘምር የኖረው አድናቂ በአንድ ላይ አላለቀሰም። ሁሉም በየቤቱ፣ በጆሮው ማዳመጫ፣ ብቻውን ተሰናበተው። እርሙን ያላወጣ ሰው ሐዘኑ ትናንት የደረሰ ይመስለዋል፤ በአሁኑ ክርክር ውስጥ የምንሰማቸው መራር ቃላት ከዚሁ የሚመጡ ይመስለኛል።

ደግሞም ፒርት በቀላሉ የሚተካ ሰው አልነበረም። በሌሎች ባንዶች ዘንድ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ምቱን ይይዛል፣ ሌሎቹ ይናገራሉ። በራሽ ግን ጌዲ ሊ የሚዘፍናቸውን ቃላት በአብዛኛው የጻፈው ከድራሙ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ነበር። ድምፁን ሳያሰማ ለአራት አሥርት ዓመታት ሲናገረን ኖረ ማለት ነው። እንግዲህ «ያለ እሱ ራሽ የለም» የሚሉት ወገኖች የሚሉት ነገር ከባድ ነው፤ እኔም ወሬውን የሰማሁ ዕለት በአፌ የመጣልኝ ይኸው ቃል ነበር።

ነገር ግን የባንዱን ታሪክ ከመጀመሪያው እናስታውስ። ራሽ በ1968 በቶሮንቶ ሲመሠረት ድራመሩ ጆን ራትሲ ነበር። የመጀመሪያው አልበም ላይ የሚሰማው ድራም የእሱ ነው፤ የክሊቭላንድ ሬዲዮ ጣቢያ ደጋግሞ አሰምቶ ባንዱን ለአሜሪካ ጆሮ ያደረሰው ዘፈንም በእሱ ምት የተቀዳ ነው። ራትሲ በጤናና በሙዚቃ ዝንባሌ ምክንያት ሲለይ፣ ፒርት ጁላይ 29 ቀን 1974 ተተክቶ ገባ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ተለማምዶም በፒትስበርግ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ከባንዱ ጋር ተጫወተ። ዛሬ የተቀደሰ ያህል የምናየው ያ መቀመጫ እሱ ራሱ ከሌላ ሰው የተረከበው ነው። በዚያን ጊዜ የራትሲን ቀላልና ጠንካራ አመታት የለመደ አድማጭ በሩን ቢዘጋበት ኖሮ፣ ዛሬ የምንከራከርበት ሰው ባልተሰማ ነበር።

ሌላው የሚያሳዝነኝ ክስ ጌዲ ሊና የባንዱ ጊታሪስት አሌክስ ላይፍሰን ወዳጃቸውን ከዱ የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የ1997ን ነገር የረሱ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት ፒርት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁን በመኪና አደጋ አጣ፤ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ የልጁን እናት ካንሰር ወሰደበት። ለባልደረቦቹ ከእንግዲህ ጡረታ እንደ ወጣ ሰው እንዲቆጥሩት ነግሯቸው፣ ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ ሄደ፤ በሰሜን አሜሪካ ምድር ላይ 88,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። ሁለቱ ምን አደረጉ? ሌላ ድራመር አልፈለጉም፣ በስሙ አልነገዱም፣ ይመለስ ብለውም አልጎተጎቱትም፤ ጠበቁት። በ2002 አዲስ አልበም ይዘው ወደ መድረክ የተመለሱት እሱ ራሱ ዱላውን ለማንሣት ፈቃደኛ በሆነ ጊዜ ነው። በሕይወት ለነበረ ወዳጃቸው አምስት ዓመት ዝም ያሉ፣ ከሞተም በኋላ መመለሳቸውን ሳያውጁ ከአምስት ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎች ታማኝነታቸውን ለእኛ የሚያስመሰክሩበት ሌላ ነገር አይቀራቸውም።

በ2015 የተደረገውም መለያየት የሦስቱ እኩል ውሳኔ አልነበረም። ፒርት ትከሻውና እጆቹ ይታመሙ ነበር፤ ድራም መምታት ለእሱ የአትሌት ሥራ ስለነበረ፣ ከራሱ መለኪያ በታች ወርዶ ከመታየት በፊት ማቆምን መረጠ። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ገና መጫወት ይፈልጉ ነበር፤ የእሱን ውሳኔ አክብረው አብረው ቆሙ። አሁን ሁለቱም ከሰባ ዓመት በላይ ሆነዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው የተጫወቱ ሁለት ሰዎች የሚቀራቸውን ጊዜ በሙያቸው ሊያሳልፉ ሲፈልጉ፣ የሟቹ ባለቤት ኬሪ ነተልና ሴት ልጃቸው ድጋፋቸውን በይፋ ሲገልጹ፣ እኛ አድናቂዎች ከቤተሰቡ በላይ ሐዘንተኛ ሆነን ልንከለክል የምንቆምበት መብት አይታየኝም።

ለእኔ የበለጠ የሚከብደው የሙያው ጥያቄ ነው፤ ዘገባችሁም በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለፈው ይህንኑ ነው። በብዙ ባንዶች ዘንድ ድራመሩ ምቱን እስከጠበቀ ድረስ በሐረጎች መካከል የሚያስገባቸው፣ ሙዚቀኞች ፊል የሚሏቸው ጌጦች እንደ ዕለቱ ስሜት ቢለዋወጡ የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። በራሽ እንዲህ አይደለም። ፒርት የድራሙን ድርሻ እንደ ጽሑፍ እያረቀቀ፣ እየሰረዘና እያረመ የሚያዘጋጅ፣ በአልበም ላይ የመታውንም በመድረክ ላይ ሳያዛንፍ ለመድገም የሚጠነቀቅ ሰው ነበር። በራሽ ኮንሰርት ላይ ተሰብሳቢዎቹ ባዶ እጃቸውን አንሥተው አየሩን እንደ ድራም ሲመቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ እጆች በአንዲት ቅጽበት በአንዲት ሲምባል ላይ ሲያርፉ ማየት የተለመደ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ድርሻውን በቃሉ ያጠናው ድርሻው የተደረሰ ሙዚቃ ስለሆነ ነው።

የባንዱ ሙዚቃ ለሦስት ሰው ብቻ የተደረሰ መሆኑም ሸክሙን ያከብደዋል። ጌዲ ሊ ቤዝ ጊታር እየተጫወተ ይዘፍናል፣ ኪቦርድ ይነካል፣ በእግሩም ዝቅተኛ ድምፆችን ይረግጣል፤ ላይፍሰን በአንድ ጊታር የሁለት ሰው ቦታ ይሸፍናል፤ ክፍተቱን የሚሞላው ድራሙ ነው። ምቱ ደግሞ በአራት ተቆጥሮ በሰላም የሚሄድ ሳይሆን፣ ድንገት በሰባት ወይም በአምስት የሚቆጠር ነው። በወጣትነቴ ከእነዚህ ክፍሎች አንዱን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በሁለት እርሳስ ለመከተል ስሞክር ሳምንታት ፈጅቶብኛል። ከዚያ የተማርኩት፣ ሰባቱን የሚቆጥር ሰው እንደሚሰናከል፣ ሐረጉን እንደ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ የሚናገረው ግን እንደማይሰናከል ነው። ስለዚህ ከአዲሷ ድራመር የምጠብቀው የተደረሰውን ሙዚቃ እንደ ተደረሰ እንድታከብረው፣ ንግግሩ ግን የራሷ እንዲሆን ነው። ፒርትን ለመምሰል ብትሞክር፣ የእጁን ክብደትና የዱላውን አወራረድ ብትቀዳ፣ ያን ጊዜ ነበር እኔም ከቅሬተኞቹ ጋር የምቆመው፤ ምክንያቱም የሰውን ሥራ መጫወትና ሰውየውን መስሎ መቅረብ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ፒርት ራሱ ስለ ሙያው የነበረው አቋም ደግሞ ለዚህ ይረዳናል። በ1994፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በዓለም ታላላቅ መድረኮች ላይ ከተጫወተና ብዙዎች እንደ መምህር ከቆጠሩት በኋላ፣ ለጃዝ ድራመሩ ለበዲ ሪች መታሰቢያ የሚሆን አልበም ሲያዘጋጅ ባልደረባው ስቲቭ ስሚዝ ምን ያህል እንደ ተለወጠ አየ። ማን እንዳስተማረው ጠይቆም ወደ ፍሬዲ ግሩበር ሄደ፤ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው እንደ ጀማሪ ዱላ አያያዙንና አቀማመጡን ሁሉ ከሥሩ ቀየረ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶም ከፒተር ኧርስኪን እንደገና ተማረ። የራሱን አመታት የተዘጋ ነገር አድርጎ አይቶት የማያውቅን ሰው፣ እኛ በስሙ ወንበሩን ብንቆልፍበት ምን ይባላል?

አሁን ወደ አኒካ ኒለስ ልምጣ። ጀርመናዊቷ ኒለስ በ1983 የተወለደች፣ ድራም ከሕፃንነቷ የጀመረች፣ በማንሃይም የሙዚቃ አካዳሚ የተማረችና ያስተማረች፣ በራሷ ድርሰቶች አልበሞች ያወጣች ሙዚቀኛ ናት። በ2022፣ ማለትም ታላቁ ጊታሪስት ጄፍ ቤክ ሊያርፍ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ከእሱ ጋር በየአገሩ ተዘዋውራ ተጫውታለች። የቤክን ሙዚቃ የሰማ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እሱ ለድራመር የማይታክት ጆሮ የነበረው ሰው ነው። እኔ በግሌ የኒለስን አመታት ሳዳምጥ የሚማርከኝ፣ አንዱን ምት በአምስት ወይም በሰባት ከፍላ ስትጫወት እንኳ ሙዚቃው ሲፈስ እንጂ ሲቆጠር አለመሰማቱ ነው። ሥራዋ የሮክን ጉልበት የሚጠይቅ ባንድ ውስጥ እንዴት እንደሚያርፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሴት መሆኗን እንደ ጉድለት ማንሣት ግን ተገቢ አይደለም። በክርክሩ ውስጥ ይህን ነገር ሲያነሡ ከሰማኋቸው ሰዎች መካከል አንድ ፊል እንኳ ጠቅሶ ይህን አትችለውም ያለ አላጋጠመኝም። እናንተም በዘገባችሁ ርእስ ላይ «ሴቷ ድራመር» ብላችሁ ከመጻፍ «ድራመሯ» ብትሉ፣ ለእሷም ለአንባቢም ክብር በሆነ ነበር።

ሌሎች ባንዶች ምን እንዳደረጉ በዘገባው ተነሥቷል፤ ምሳሌዎቹ ግን ለሁለቱም ወገን ይሆናሉ። ሌድ ዜፕሊን ድራመሩ ጆን ቦናም በ1980 ሲሞት ተበተነ፤ ያም ሆኖ በ2007 የቦናም ልጅ ጄሰን በአባቱ ቦታ ተቀምጦ ለአንድ ምሽት በለንደን ተጫውተዋል። ዘ ሁ ከኪት ሙን ሞት በኋላ ቀጠለ፤ ሮሊንግ ስቶንስም ቻርሊ ዋትስ ካረፈ በኋላ ቀጥሏል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኔ የሚቀርበው የ2022ቱ ምሳሌ ነው። ለፎ ፋይተርስ ድራመር ለቴይለር ሆኪንስ መታሰቢያ በለንደንና በሎስ አንጀለስ በተደረጉት ኮንሰርቶች ላይ ሊና ላይፍሰን በተለያዩ ድራመሮች ታጅበው የራሽን ዘፈኖች ሲጫወቱ፣ ያ ሙዚቃ እንደገና በብዙ ሺህ ሰው ፊት ተሰማ። የሌላ ሰው ልቅሶ ላይ የራሳችንን ያለቀስነው በእነዚያ ምሽቶች ነው።

የሚያሰጋኝ ነገር የለም አልልም። የጌዲ ሊ ድምፅ የሃያ ዓመት ወጣት ድምፅ አይደለም፤ የላይፍሰን እጆችም በመገጣጠሚያ ሕመም ተፈትነዋል። መጀመሪያ ለሰባት ከተሞች የታቀደው የአሥራ ሁለት ምሽት ጉዞ ሕዝቡ ከጠየቀው የተነሣ እጅግ መስፋቱም፣ ደስ ቢለኝም፣ ለአካላቸው ያሳስበኛል። ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁን የምጠይቀው ኮንሰርቶቹን የሚዘግበው ሰው ድራም የሚያውቅ እንዲሆን፣ የአድናቂዎችን ቁጣና ደስታ ከመቁጠር ይልቅም በአዳራሹ ውስጥ ምን እንደ ተሰማ እንዲነግረን ነው።

ጉዞው ጁን 7 ቀን 2026 እንዲጀመር የተያዘለት ቦታ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚገኘው ፎረም የተባለው አዳራሽ ነው። ኦገስት 1 ቀን 2015 የመጨረሻው ኮንሰርት የተደረገውም እዚያው ነበር። ፒርት በሥራ ዘመኑ ሁሉ ዘፈኑ ሲያልቅ ከድራሙ ጀርባ ወርዶ የሚሄድ እንጂ ወደ መድረኩ ፊት የሚመጣ ሰው አልነበረም። በዚያ ምሽት ግን ወደ ፊት ወጣ፤ በትከሻቸው ላይ እጁን ጥሎ ሁለቱን ወዳጆቹን አቀፈ፤ ከእነሱም ጋር ለሕዝቡ እጅ ነሣ። ሊና ላይፍሰን አሁን የሚመለሱት ወደዚያው ወለል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ