ሳትፈርሚ ጠብቂኝ

ልጄ፣

እንኳን ለ24ኛ ዓመት ልደትሽ አደረሰሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። እናትሽ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች፤ ወንድምሽ ቅዳሜ ይዞልሽ ይመጣል። በርበሬውን እንዳምናው እንዳይበላሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪው።

ወንድምሽ ሌላም ነገር ነግሮኛል። በሥዕል የሠራሽውን ታሪክ ሊያትሙ የሚፈልጉ ሰዎች ውል ልከውልሻል። ገጸ ባሕርይዋ ለዘለዓለም የእነርሱ ትሆናለች፣ ያንቺ ስም ግን አይወጣም ይላል አሉ። አንቺም «ምን ችግር አለው፣ ብቻ ይታተም» ብለሻል። አትፈርሚ። ስምሽ ያልተጻፈበትን ወረቀት አትፈርሚ።

አባባ ስለዚህ ነገር ምን ያውቃል ትይ ይሆናል። በመኪና ማቆሚያው የሌሊት ተራ ብዙ አንብቤአለሁ። ያቺ የምትወጃት ባለ ጭንብል ሌባ፣ ካትዉማን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1940 ወንጀለኛ በሚያሳድደው ጀግና በባትማን የሥዕል ታሪክ መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ላይ ስትወጣ ጭንብል እንኳ አልነበራትም። መርከብ ላይ አሮጊት መስላ ሐብል የሰረቀች ወጣት ነበረች፤ የምትጠራውም «ድመቷ» ተብላ ነው። ባትማን ከያዛት በኋላ ስታመልጥ አላሳደዳትም። የድመት ራስ ያጠለቀችው ከዚያ ወዲህ ነው። የፈጠሯት ሠዓሊው ቦብ ኬንና ጸሐፊው ቢል ፊንገር ናቸው። ኬን በጊዜ የራሱን ውል ተዋዋለ፤ ፊንገር አልተዋዋለም። ባትማን የሚኖርባትን የጎታምን ከተማ ስም ያወጣው ፊንገር ሆኖ ሳለ የባትማን ፈጣሪ ተብሎ ለአሥርተ ዓመታት የታተመው የኬን ስም ብቻ ነው። ፊንገር በ1974 ሞተ። ስሙ ከኬን ስም አጠገብ በይፋ የተጻፈው በ2015 ነው። 41 ዓመት መቃብር ውስጥ ሆኖ ጠበቀ ማለት ነው። አንቺም «በኋላ ይጽፉታል» እንዳትይኝ።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር። አልጋሽ ሥር የሥዕል መጽሔቶችሽን ያስቀመጥሽበትን ካርቶን አገኘሁት። ከላይ ያለው ሥዕል ጥቁር ልብስ የተጣበቀባት፣ ጅራፍ የያዘች ሴት ነው። ልጄ ሌባ ልታደንቅ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከመጽሔቶቹ መሐል ጥቁር አሜሪካዊቷ ተዋናይት ኧርታ ኪት በ1967 በቴሌቪዥን ካትዉማንን ሆና ስትጫወት የተነሣችው ፎቶግራፍም ነበረ። «አባባ፣ ይቺ እኮ እኛን ትመስላለች» አልሽኝ። አልሰማሁሽም። ካርቶኑን ተሸክሜ ወጥቼ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣልኩት። አላለቀስሽም፤ መስኮቱ ላይ ቆመሽ አየሽኝ። ብታለቅሺ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ ሳነብ፣ በ1954 አሳታሚዎቹ ወንጀለኛ እንዲታዘንለት ተደርጎ አይጻፍ የሚል ደንብ አውጥተው እንደነበር ደረስኩበት። ካትዉማንም በዚያው ዓመት ከመጽሔቶቹ ጠፋች፤ የተመለሰችው በ1966 ነው። ከዚያ ደንብ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ ወላጆችና አስተማሪዎች እነዚህን የሥዕል መጽሔቶች ሰብስበው ያቃጥሉ ነበር። ይህን ያነበብኩ ሌሊት የመኪና መግቢያውን መዝጊያ ማንሣት ረስቼ ሰው ጥሩምባ ነፋብኝ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። ይቅር በይኝ፤ እስከ ዛሬ ይህን ቃል ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ።

የመኪናሽን ዘይት አስቀይሪ። ክረምቱ ሳይገባ ጎማውንም አሳዪ። ለምሳ ቡና ብቻ ጠጥተሽ አትዋዪ።

ውሉን ግን አትፈርሚ። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የሚያነብልን ጠበቃ እፈልጋለሁ፣ ክፍያው በእኔ ነው። ቢቆጡ ይቆጡ፤ ቢተዉሽም ይተዉሽ።

ከበርበሬው ጋር አንድ ፖስታ አለ። ካርቶኑን በጣልኩ ማግስት በመብራት ሒሳብ ፖስታ ጀርባ ላይ ካትዉማንን በቃልሽ ሣልሻት ነበር። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትተሽው ስትሄጂ አንሥቼ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀመጥኩት። አንድ ጆሮዋ ከሌላው ይረዝማል። ከታች ጥግ ላይ ስምሽን ከነአባትሽ በአማርኛ ጽፈሻል፤ ማንም ጻፊ ሳይልሽ። ወረቀቱ አርጅቷልና ስትከፍቺው ቀስ በዪ።

ሰኞ ከሥራ እንደወጣሁ እደውላለሁ። እስከዚያ እንዳትፈርሚ።

አባትሽ