የአሳውን ቁጥር የሚያነበው ማን ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አሳ እርባታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄ አነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም አልኩ። አሳን አንድ በአንድ ለመለየት ሰውነቱ ውስጥ የሚገባው ቺፕ ከሁሉም ይበልጣል ይላል። እኔ እዚህ ጅማ፣ ቦዬ አካባቢ ሁለት የቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) ኩሬዎች አሉኝ። ሦስት ዓይነት ምልክት ሞክሬባቸዋለሁ። በእኔ ልምድ ነገሩ እንዲህ አይደለም።

ቆሮሶ ቶሎ ይራባል። ኩሬው በትንንሽ አሳ ይሞላና ሁሉም ይቀጭጫል። እኔ የፈለግሁት ቶሎ የሚያድጉትን መርጬ ለዘር ማስቀረት ነው። ግን ዛሬ የመዘንኩትን አሳ ከሦስት ወር በኋላ በምን ልወቀው? ላም በመልኳ ትለያለች። ቆሮሶ ግን መረብ ውስጥ ሲገባ ሁሉም አንድ ነው።

መጀመሪያ በንጹህ መቀስ የሆድ ክንፋቸውን ጫፍ ቆረጥኩ። ወጪ የለውም። ግን ቀኝና ግራ ብሎ ስንቱን መለየት ይቻላል? «ይሄ የላይኛው ኩሬ ነው፣ ያ የታችኛው» ለማለት ብቻ ነው የሚበቃው። ደግሞ ክንፉ መልሶ ይበቅላል። ከወራት በኋላ ሳወጣቸው የተቆረጠው ካልተቆረጠው አልለይ አለኝ።

ቀጥሎ ቁጥር የተጻፈበት የፕላስቲክ ክር ሞከርኩ። ልብስ ሱቅ ዋጋ የሚንጠለጠልበትን ክር አስቡት። በመርፌ ጀርባው ላይ ይወጋል፣ ውስጥ የገባው ጫፍ ተጋድሞ አጥንቱን ይይዛል። ማንም ሰው በዓይኑ ያነበዋል። ግን አረንጓዴ ነገር ይለብሳል፣ መረብ ይይዘዋል፣ የተወጋው ቦታም አንዳንዴ ይቆስላል።

ከዚያ የእንስሳት ሐኪም የሆነው የእህቴ ልጅ ለውሻ የሚጠቀሙበትን ቺፕ ከነማንበቢያው ይዞልኝ መጣ። 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል መስታወት። ባትሪ የለውም። ማንበቢያው ሲጠጋው ኃይል ያገኝና ቁጥሩን ይመልሳል። ስለዚህ አሳው እስኪሞት ያገለግላል። ክብደቱ 0.1 ግራም ገደማ ነው። ምልክቱ ከአሳው ክብደት 2 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራልና ከ5 ግራም በታች ለሆነ ጫጩት አይሆንም። አሳዎቹን ከመውጋታችን በፊት በቅርንፉድ ዘይት አደነዘዝናቸው። ቺፑን ያስገባነው ሆዳቸው ውስጥ ነው እንጂ ሥጋቸው ውስጥ አይደለም። አሳው ሲታረድ ከሆድ ዕቃው ጋር ይወጣል፣ የሰው ጥርስ ላይ አይደርስም።

ሃያ አሳ ላይ ክሩንም ቺፑንም አንድ ላይ አደረግን። ይህን ያደረገ ሰው ብዙ ይማራል። ኩሬውን ስናጎድል ስድስቱ ክራቸውን ጥለዋል። ቺፑ ግን የጠፋው ከአንዱ ብቻ ነው። ክሩን ብቻ አስሬ ቢሆን ኖሮ ስድስት አሳ ሞተብኝ ብዬ እጽፍ ነበር። አሳዎቹ ግን በሕይወት አሉ፣ የጠፋው ምልክታቸው ነው።

እስከዚህ ቺፑ አሸንፏል። ነገር ግን የሚነበበው በስንዝር ርቀት ነው። አሳውን መያዝ የግድ ነው። የቆሮሶ እናት ደግሞ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ስትያዝ ትተፋዋለች። ቁጥሯን ለማወቅ ብዬ ሁለት ጊዜ እንቁላሉን መረቡ ላይ አስፈስሻለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። እዚያ አሳውን የሚይዘው ዓሣ አጥማጁ ነው። ማንበቢያ የለውም። ቺፑ ከሆድ ዕቃው ጋር ይጣላል፣ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል። እዚያ የሚያዋጣው በዓይን የሚታየው ክር ነው። ያም ቢሆን ሰዉ አስቀድሞ ካልተነገረው አይሠራም። አሰንዳቦ በኩል ለሚያጠምድ አንድ ልጅ ክር ያለበትን አሳዬን አሳየሁት። «እትዬ፣ በሽታ ነው እንዴ? እኔ ብይዘው መልሼ እወረውረው ነበር» አለኝ። ስለዚህ ክሩ ላይ ስልክ ይጻፍ፣ ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይነገር፣ ቁጥሩን ላመጣ ሰው ትንሽ ነገር ይሰጠው። ስልኩንም የሚያነሳ ሰው ይኑር።

ጥያቄው አሳው በክረምት ወንዙን ሽቅብ ይወጣል ወይ ከሆነ ደግሞ ክሩም አይበቃም። ክር የሚናገረው የተለቀቀበትንና የተያዘበትን ቦታ ብቻ ነው። ለዚያ ባትሪ ያለው፣ ድምፅ የሚልክ ምልክት አለ። ውሃ ውስጥ የተተከሉ መሣሪያዎች አሳው ባለፈ ቁጥር ይመዘግቡታል። ዋጋው ከባድ ነው፣ ባትሪውም ያልቃል። ግን አሳው ሳይያዝ መንገዱን ይነግራል።

ጫጩት የምታከፋፍሉልን ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምን። የእናትና የአባቶቹን ምልክት ከጫጩቱ ጋር በወረቀት ስጡን። የኔዎቹ ከማን እንደመጡ ሳላውቅ ነው ምርጫ የጀመርኩት።

የታችኛውን ኩሬ ከመስቀል በኋላ አጎድላለሁ። ማየት የሚፈልግ አርቢ ይምጣ። ማንበቢያው ያን ቀን እኔ ጋ ነው፣ የቅርንፉድ ዘይቱንም አዘጋጃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ