አባዬ፣ ዘንድሮ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳሁ ልንገርህ

ኡትሬክት፣ ኔዘርላንድ
ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ፣ እማዬ፣ ትንሿ እህቴም።

እንዴት ከረማችሁ? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም። ኮምቦልቻስ እንዴት ናት? ጎረቤቶቹ ደህና ናቸው?

በስልክ ስንገናኝ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «በላህ? በረደህ?» እንባባልና ይዘጋል። ዋናው ወሬ ሳይነሳ ይቀራል። ዛሬ የእረፍት ቀኔ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ አልኩ። ወሬው የሳይክል ነው። አባዬ፣ አብዛኛው ላንተ ነው።

ጥር ላይ ያገለገለች ሳይክል በ120 ዩሮ መግዛቴን ነግሬአችሁ ነበር። የገዛኋት ለመዝናናት አልነበረም። እንደምታውቁት የምሠራው ዳቦ ቤት ነው። የምገባው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ 9 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ገዛኋት። መሪዋ ላይ ትንሽ ቆጣሪ አሰርኩባት። ትናንት ማታ ሳየው 5,240 ኪሎ ሜትር ይላል። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ወደ 7 ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት ነው። ቁጥሩን ሳየው መጀመሪያ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። ከቤት ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ቤት፣ ያን ሁሉ ዓመት በሳይክልህ ስትመላለስ ማን ቆጠረልህ?

ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የሥራ መንገድ ነው። ጨለማ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ብዙ የሚወራ የለውም። አንዱን ግን መናገር አለብኝ። በገዛኋት በሁለተኛው ሳምንት ወደቅሁ። መስታወት የመሰለ ስስ በረዶ አስፋልቱ ላይ ረግቶ ነበር፤ ዐይን አያየውም። ጉልበቴን ለሁለት ሳምንት አመመኝ። እማዬ፣ አትደንግጪ፣ ድኗል። ያኔ የደበቅኳችሁ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው፤ አውፍ በሉኝ። ከዚያ ወዲህ በረዶ ሲሆን መሪ አላጣምም፣ የፊት ፍሬንም አልነካም። መንግሥትም ለሳይክል መንገድ ጨው ያስበትናል። ለብቻው፣ በትንሽ መኪና፣ ከሌሊቱ ጀምሮ። አፋሮች ጨው በግመል ጭነው ባቲ ገበያ ሲገቡ አይቼ ላደግሁት ለእኔ ጨው መንገድ ላይ ሲፈስ ማየት መጀመሪያ ልቤን ይነካኝ ነበር። አሁን ያን መኪና ሳይ አመስግኜ ነው የማልፈው።

ረመዳንን ሳይክል ላይ ነው የጾምኩት ብል ውሸት አይሆንም። ሱሁር በልቼ እወጣለሁ፣ ቀትር ላይ እመለሳለሁ። የትኩስ ዳቦ ሽታ መሀል መጾም ከባድ ነው፤ አላህ ግን ያስችላል። አንድ ቅዳሜ ያ ጓደኛዬ፣ የሐይቅ ከተማው ልጅ፣ ለኢፍጣር ጠራኝ። አመርስፎርት ነው የሚኖረው፣ ከእኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። «በባቡር ና» አለኝ። እኔ በሳይክል እመጣለሁ አልኩ። የምሥራቅ ነፋስ ፊት ለፊት ያዘኝ።

አባዬ፣ ይሄ አገር ዳገት የለውም ብዬህ ነበር። አለው፤ ዳገቱ ነፋሱ ነው። እንዲያውም ከዳገት ይከፋል። የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደሚያበቃለት ያውቃል። ነፋስ ግን ጫፍ የለውም። ፔዳሉን እየረገጥክ፣ እየረገጥክ፣ ያው ዛፍ ከፊትህ አይጠፋም።

ጫካው መሀል ሳለሁ ፀሐይ ገባች። 12 ሰዓት ከ40 ሆኗል። ቆምኩና ሳይክሏን ዛፍ አስደገፍኳት። ኪሴ ውስጥ ሦስት ተምር ነበረኝ። ቢስሚላህ ብዬ አንዱን ጎረስኩ። አንድ ሽማግሌ በሳይክል አለፉኝ፣ ከዚያ ዞረው ተመለሱ። ከ70 ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። የተበላሸብኝ መስሏቸው ቦርሳቸውን ከፍተው መፍቻ ሊያወጡ ነው! በተሰባበረ ደችኛዬ ጾም እየፈታሁ መሆኑን ነገርኳቸው። አንድ ተምር ሰጠኋቸው። ቆመው በሉ፣ ፍሬዋን በመሐረባቸው ጠቀለሉ። ብዙ አላወራንም። ሊሄዱ ሲሉ ግን «ከኋላዬ ተጠጋ» አሉኝ። ከኋላ ተጠግቶ የሚነዳን ሰው ነፋሱ እንደ ልብ አያገኘውም፣ ጉልበት ይቆጥባል። ተወዳዳሪዎቹ እንደ ቅፍለት ተከታትለው የሚነዱት ለዚህ ነው። እኒያ አባት በዚያ ዕድሜያቸው ከፊት ሆነው ነፋሱን እየከለሉልኝ እስከ ከተማዋ መግቢያ ወሰዱኝ። ከዚያ እጃቸውን አውለብልበው በሌላ መንገድ ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። እስካሁን ይቆጨኛል። በየሶላቴ ዱአ አደርግላቸዋለሁ።

ግንቦት ላይ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቀን 100 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ኪንደርዳይክ ወደሚባል ቦታ ነው፣ የሌክን ወንዝ ይዤ። እዚህ የሳይክል መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ቁጥር አለው። የምትሄድበትን ቁጥሮች በወረቀት ጽፈህ መሪህ ላይ ትለጥፋለህ፤ ከዚያ ታፔላ እያየህ ከቁጥር ወደ ቁጥር ነው። ስልክም ካርታም አያስፈልግህም።

መንገዱ በግድቡ አናት ላይ ነው የሚሄደው። በግራህ ወንዙ፣ በቀኝህ ቤቶቹ። ቤቶቹ ግን ከወንዙ ዝቅ ብለው ነው ያሉት! ላሞች ከውሃው በታች ይግጣሉ። ኪንደርዳይክ 19 የነፋስ ወፍጮዎች አሉ፣ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1740 አካባቢ ጀምሮ የቆሙ። ወፍጮ ይባሉ እንጂ እህል አይፈጩም። ነፋሱ ክንፋቸውን ሲያዞረው ከረባዳው መሬት ውሃ እየሳቡ ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ ይገፋሉ። ዛሬ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የሞተር ፓምፕ ነው። ወፍጮዎቹ ግን አልፈረሱም፤ አሁንም ይዞራሉ። እዚያ ቁጭ ብዬ ዳቦዬን ስበላ ክረምት ላይ ቦርከና ሲሞላ የምንሰማው ድምፅ መጣብኝ። እኛ ቦርከና ሲሞላ ዳር ቆመን እስኪጎድል እንጠብቃለን። እነዚህ ከውሃ በታች ቤት ሠርተው ተኝተው ያድራሉ። ያሳደረብኝን መገረም ልነግራችሁ አልችልም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ነሐሴ ላይ ሳይክሏን በባቡር ጭኜ ወደ ደቡብ፣ ወደ ማስትሪክት ወረድኩ። ለሳይክልም ትኬት ይቆረጥላታል። እዚያ አገሩ ኮረብታ አለው። መጨረሻው ላይ ቫልሰርበርግ አለ፤ ኔዘርላንድ፣ ቤልጂየምና ጀርመን የሚገናኙበት ተራራ ነው። ከፍታው 322 ሜትር ነው። ተራራ የሚሉት እሱን ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ቆመህ እንኳ ከ1,800 ሜትር በላይ ነህ። ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ።

ቢሆንም ዳገት ዳገት ነው። መጨረሻ አካባቢ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጭኔ ተቃጠለ። ማርሽ ቀነስኩ። እንደገና ቀነስኩ። የምቀንሰው ሲያልቅብኝ አንተ ትዝ አልከኝ። የአንተዋ ሳይክል ማርሽ አልነበራትም። መንገዱ በናዳ የተዘጋ ቀን ለአያቴ መድኃኒት ይዘህ ሐረጎን ብቻህን ወጥተህ ደሴ ደርሰህ ተመልሰሃል። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም ሽቅብ። ማታ ስትገባ አንድም ቃል አልተናገርክም። እማዬ በሙቅ ውሃ እግርህን ነከረችልህ፣ ተኛህ። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር መስሎኝ ነበር። ምን እንዳደረግህ የገባኝ በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው አገር፣ በ322 ሜትር ላይ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሌላው ትዝ አለኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አያቴን ልንጠይቅ ሳይክሏን አይሱዙ ላይ ጭነን ደሴ ወጥተን፣ ስንመለስ «ቁልቁለት ነው፣ በሷ እንወርዳለን» አልከኝ። እማዬ፣ አንቺ ይሄን እስካሁን አታውቂም፤ በመኪና የመጣን ነበር የመሰለሽ። አባዬ ጋቢውን አጥፎ የኋላ መጫኛው ላይ አነጠፈልኝ። ወገቡን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ። ጉም ነበር። ፍሬኑ እየጋለ የጎማ ሽታ ይሸተኛል። ሦስት ጊዜ ቆመን ቸርኬው እስኪበርድ ጠበቅን። በሦስተኛው ላይ ጉሙ ተገለጠና ኮምቦልቻ ከታች ታየች። «ያውልህ፣ ፋብሪካችን ያ ነው» አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተማ አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ያማረ ከተማ አላየሁም ወላሂ።

መስከረም 18 ቀን ከሐይቁ ልጅ ጋር የኪጋሊውን የዓለም የሳይክል ሻምፒዮና አየን። አፍሪካ ስታዘጋጅ የመጀመሪያዋ ነው። ወንዶቹ 267 ኪሎ ሜትር፣ በዚያ ሁሉ ኮረብታ! ስሎቬኒያዊው ፖጋቻር አሸነፈ። እኔ ግን ዐይኔ የሩዋንዳ ልጆች ላይ ነበር፤ ግንብ ላይ ወጥተው፣ ዛፍ ላይ ተሰቅለው የሚያዩት ላይ። የኤርትራው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት የዕለት ውድድሮችን ሲያሸንፍ ደግሞ አልቅሰናል። የእኛው ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ያንን ውድድር የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። የገረመው ደንቦባን ስም ግን የሰማሁት ካንተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ሳይክል የነዳውን ማለቴ ነው። ጎማ እየለጠፍክ ነበር የነገርከኝ።

ስለ ጎማ ካነሳሁ፣ ዘንድሮ አራት ጊዜ ተነፈሰብኝ። አራቱንም ራሴ ለጠፍኩ። ከላማዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋ የሚወጣበትን ፈለግሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። እጄ ያወቀው ካንተ ነው።

አንድ ነገር ላንሳ። በ2014 ዓ.ም. በዚያ ክፉ ኅዳር ከጦርነቱ ሸሽታችሁ ስትመለሱ ሳይክልህን እንዳጣሃት አውቃለሁ። «ዕቃ ነው፣ እኛ ከተረፍን» ብለህ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሳይክል አውርተህ አታውቅም። እኔም ሳላነሳብህ ኖርኩ። ዘንድሮ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስለዚህ ለአንዲት ሳይክል የሚሆን ገንዘብ በዚህ ሳምንት እልካለሁ። ላንተና ለትንሿ እህቴ ነው። ለእሷ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፣ የባጃጁ ዋጋም ጨምሯል ብላችሁኛል። እማዬ፣ «ሴት ልጅ ሳይክል ላይ?» እንደምትይ አውቃለሁ። እዚህ እናቶች ከፊት ሳጥን ባላት ሳይክል ሁለት ልጅ ጭነው በዝናብ ይነዳሉ። ሒጃብ የለበሱ እህቶቻችንም ይነዳሉ። አብሽሪ፣ ምንም አትሆንም። ነጂ መንገዱን እንጂ ወሬውን አያይም።

አባዬ፣ ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ፣ መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ አስተምራት። መቀመጫውን ዝቅ አድርግላት፣ እግሯ መሬት ይንካ። ፔዳሎቹን መጀመሪያ ፍታቸው፤ በእግሯ እየገፋች ሚዛኑን ትልመድ። ከኋላ መያዝህን ስትተው ደግሞ አትንገራት። እኔንም አልነገርከኝም ነበር።

ገንዘቡ ሲደርስ ደውሉልኝ። ፍሬኑን በደንብ አይተህ ግዛ። የመጀመሪያ ቀን ቪዲዮ እፈልጋለሁ፤ እሷ ትቅረጽህ፣ አንተ ንዳ።

ለአያቴ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ለጎረቤቶቹም፣ ቡና ሲፈላ ስሜን ለሚያነሱት ሁሉ።

ወሰላሙ ዓለይኩም፣
ናፋቂ ልጃችሁ