ስፒከሮችህ ጥፋት የለባቸውም

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምክ? ሦስት ዓመት ሙሉ የጠፋሁብህ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽህም። ተቀይሜህ ነበር። የሸጥክልኝ ቁመታም ስፒከሮች ሐዋሳ ከገቡ ጀምሮ ወፍራሙ ድምፃቸው፣ ቤዙ፣ ጉምጉም ይላል። "አውቆ ነው የሸጠልኝ" አልኩ። ስትደውልም እያየሁ አላነሳሁም።

አሁን ጥፋተኛው ተገኘ። ወለሉ ነው።

የተከራየሁት ፒያሳ አጠገብ ያለ አሮጌ ቤት ነው። ወለሉ ሞራሌ ላይ የተመታ ጣውላ ነው፤ ከሥሩ ባዶ። ከበሮ በለው። አንተ ቤት ድምፃቸው ያማረው ወለልህ ሲሚንቶ ስለሆነ ነው። እዚህ የቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክር፣ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበው፣ ሲመታ ንዝረቱ በሳጥኑ በኩል ይወርድና ጣውላው አብሮ ይዘፍናል። አንድ ማታ ከግድግዳው ማዶ ያሉት አከራዬ አንኳኩተው፣ "ልጄ፣ ሲኒዎቼ ረከቦቱ ላይ እስክስታ ወረዱ እኮ" አሉኝ። ያኔ ነው የነቃሁት። ስፒከሮቹን ከቦታቸው ሳላንቀሳቅስ ከሥራቸው ፍራሽ አጥፌ አስገባሁ። ጉምጉምታው በአንዴ ቀነሰ።

ሹሎቹን የብረት እግሮች ታስታውሳለህ? ንዝረት ይቆርጣሉ ብዬ ስመካባቸው ኖርኩ። እነሱ እቴ! ስፒከሩን ከወለሉ ጋር አጥብቀው ነው የሚያያይዙት። ሲሚንቶ ላይ ጥሩ ናቸው። እኔ ጋ ግን የከበሮ መምቻ ሆኑ።

የሚያስፈልገው ለስለስ ያለ ነገር ነው፤ ግን ልክ ያለው። ባዶ አይሱዙ ተሳፍረህ ታውቃለህ አይደል? ባሌስትራው ጭነት ካላገኘ ያነጥርሃል፤ ከልክ በላይ ሲጫንበት ደግሞ ተጨፍልቆ ይቀራል። ይሄም እንደዚያው ነው። ስፒከሩ ሲያርፍበት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሰምጥ ድጋፍ በራሱ በሴኮንድ 16 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል፤ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሰምጠው ግን 5 ጊዜ ገደማ ነው። ድጋፉ ንዝረት ማገድ የሚጀምረው ደግሞ የድምፁ ርግብግቢት የዚያን ቁጥር 1.4 እጥፍ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ እምብዛም የማይሰምጥ ደረቅ ጎማ ቆርጦ መወተፍ ብዙም አይፈይድም። ሞክሬዋለሁ፣ የአሮጌ ጫማ ሶል ሳይቀር።

በመጨረሻ ያዋጣኝ አየር ነው። ጎሚስታ ሄጄ የልጆች ብስክሌት ከመነዳሪ ሁለት ገዛሁ። "ብስክሌቱስ?" አለኝ። "ለስፒከር ነው" ስለው ረዳቱን ጠርቶ ሁለቱም ሳቁብኝ። በጥቂቱ ነፋኋቸው፤ ጢም ካሉ ድንጋይ ናቸው። ወለሉ ላይ አጋደምኳቸው፣ በላያቸው ኮምፔንሳቶ፣ ከዚያ ከእብነ በረድ ቆራጮች የለመንኩት ቁራጭ፣ ከዚያ ስፒከሩ። እብነ በረዱ ከባድና ሰፊ ስለሆነ እንዳይገለበጥ ይረዳል። የእህቴ ልጆች ሲመጡ ግን አሁንም ነፍሴ አትረጋም።

ሁሉም ጸዳ አልልህም። ጥግ ላይ ስለነበሩ የክፍሉ የራሱ ጉምጉምታ ቀርቶ ነበር፤ ከግድግዳው ወደ ፊት ሳብ አደረግኳቸው። ድምፁ ሲበዛ በአየርም ቢሆን ወለሉን መነካካቱ አይቀርም። ግን ክራሩ ከቤዙ ተለይቶ ይሰማኛል። የአከራዬ ሲኒዎችም አርፈዋል።

ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። አንዱ ከመነዳሪ ቀስ እያለ ይተነፍሳል መሰለኝ፣ የግራው ስፒከር በየሳምንቱ ወደ መስኮቱ ያዘምማል፤ እኔም እሁድ እሁድ እነፋዋለሁ። ሹሎቹን እግሮች ካልሲ ውስጥ ቋጥሬ አስቀምጬልሃለሁ። ያንተ ቤት ሲሚንቶ ነው፤ ስትመጣ ውሰዳቸው።

ያንተው፣
ከሐዋሳ