እማዬ፣ ዛንዚባር ከመሄዳችን በፊት

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? በስልክ ሳወራሽ «እሺ፣ እሺ» እያልሽ ስለምታልፊኝ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። «እኔን ተዉኝ፣ እናንተ ሂዱ» ያልሽውን አልሰማሁም። ትሄጃለሽ።

መጀመሪያ ሐኪም ጋር ሂጂ። ቲኬት የምቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ዛንዚባር የታንዛኒያ ደሴት ናት፤ ታንዛኒያ ደግሞ ቢጫ ወባ ካለበት አገር የሚመጣን መንገደኛ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ካርዱ ደግሞ መሥራት የሚጀምረው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ድሮ በየ10 ዓመቱ ይታደስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ግን አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። ስለዚህ ከወረቀቶችሽ መሃል ካለ ፈልጊው። ከሌለ ግን ዝም ብለሽ ሄደሽ እንዳትከተቢ! ዕድሜው 60 ያለፈ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ፣ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ ክትባቱ ክፉኛ ሊጎዳው ስለሚችል ሐኪሙ ይወስን። አይሆንሽም ካለ ምክንያቱን ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ይስጥሽ፤ ተቀባይነቱን እኔ ኤምባሲያቸውን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። የወባ መከላከያውንም እዚያው ጠይቂው፤ ከግፊት ክኒንሽ ጋር እንዳይጋጭ። እሱ ከተመለስን በኋላም የሚዋጥ ነው። «ቤቴ ገባሁ» ብለሽ እንዳታቋርጪ።

ሐምሌ ላይ እንሂድ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናባቸው ነው፤ ኅዳር አካባቢ ደግሞ ትንሹ አለ። ጥርና የካቲት ዝናብ ባይኖርም ሙቀቱ ላንቺ አይሆንም። ሐምሌ ደረቅና ቀለል ያለ ነው። ሰው ስለሚበዛበት ሆቴሉ ይወደዳል፣ ግን ይሁን።

አሁን ስለ ማረፊያው። ሰዉ ሁሉ ፎቶ እያየ የሚመርጠው ምሥራቁን፣ ፓጄንና ጃምቢያኒን ነው። ያምራል። ችግሩ፣ እዚያ ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጠዋት ደጅሽ ላይ የነበረው ውሃ ከሰዓታት በኋላ ርቆ ሄዶ፣ የቀረው ጭቃማ አሸዋ፣ ድንጋይና የባህር ሣር ይሆናል። ለመዋኘት ያን ሁሉ በእግር መሄድ ነው፤ በዚያ ላይ እንደ ጃርት እሾህ የለበሰ ጥቁር የባህር እንስሳ ድንጋዩ ሥር ተቀምጦ ይጠብቅሻል። በዚህ ጉልበት? አይታሰብም። በሰሜን በኩል ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ውሃው ያን ያህል ስለማይርቅ፣ በፈለግሽ ሰዓት እግርሽን ነክረሽ ትመለሻለሽ። የምይዘውም እዚያ ነው፤ ምድር ቤት፣ ደረጃ የሌለው ክፍል። ለማንኛውም የውሃ ጫማ እገዛልሻለሁ።

ስቶን ታውንን ሳናይ አንመለስም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ናት። መተላለፊያዎቿ መኪና ስለማያስገቡ በእግር ነው፤ ጠዋት ሳይሞቅ ገብተን ቀስ እያልን እንወጣለን።

ኢንሹራንስ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው የዚያው የዛንዚባርን ኢንሹራንስ መግዛት አለበት፣ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ኦንላይን እኔ እጨርሰዋለሁ። የፓስፖርትሽን የመጀመሪያ ገጽ ብቻ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆኑን አይቼ ልረፍ።

ሻንጣሽን ስታዘጋጂ፣ እባክሽ ፌስታል በፌስታል አትጠቅልይ። አውቅሻለሁ። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ ኤርፖርት ላይ ያስጥሉሻል። የጨርቅ ቦርሳ ያዢ። ክኒኖችሽ ከነካርቶናቸው፣ ከነማዘዣቸው በእጅ ቦርሳሽ ይሁኑ፤ ሻንጣ ቢጠፋ ልብስ ይገዛል፣ የግፊት መድኃኒት ግን የትም አይገኝም ብለሽ አስቢ። ለጥቂት ቀን የሚሆን ትርፍም ጨምሪ።

አየር መንገዱን ዊልቸር እጠይቅልሻለሁ። አትቆጪኝ። ነፃ ነው፣ ደግሞም ያን ሁሉ ሰልፍ ከመቆም ያድንሻል፣ እኔም ካንቺ ጋር ቶሎ አልፋለሁ። ወንበርሽን በመተላለፊያው በኩል አስይዛለሁ፤ እየተነሳሽ ወዲያ ወዲህ በይ፣ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ መቆየት ለእግር ጥሩ አይደለም።

እህቴ «እኔም እመጣለሁ» ማለቷን ሰምቻለሁ። ቁርጡን ጠይቀሽ በዚህ ሳምንት ንገሪኝ፣ ምድር ቤት ያሉት ክፍሎች ቶሎ ነው የሚያልቁት።