የባልትናና ሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው አንድ ጉዳይ ነው፤ ስጋን ሳይበላሽ በቤት ማቆየት። ለደሴ ልጅ ቋንጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎቹን አባላት እንግዳ የሆነባቸው ሮዝ ቀለም የተቀባው የስጋ ማቆያ ጨው ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ የቋንጣ ነበር። ክረምቱ አልፎ ደረቁ የጥቅምት ነፋስ ሲነሳ፣ የገና ጾም ሳይገባ ተሰቀለ። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ስጋ በየራሱ ቢላዋ፣ በየራሱ መክተፊያና ገመድ ተሠራ። ስብ አይደርቅም፣ ይከረፋል፤ ስለዚህ ሙልጭ ተደርጎ ወጣ። ቀዩ ስጋ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ሳይወፍር ተዘለዘለ፤ ለ1 ኪሎ 30 ግራም ጨው፣ በርበሬና ቁንዶ በርበሬ ታሸ። ዝልዝሉ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። እርስ በርሱ ከተነካካ የተነካካበት ቦታ ሳይደርቅ ይቀራል፤ ሻጋታው የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ጠንካራ ፀሐይ ላይ የዋለ ደግሞ ላዩ ቶሎ ደርቆ ውሃውን ውስጥ ያስቀራል፣ መሃሉም ይሸታል። የደረሰ ቋንጣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ክብደቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። የጦሳ ተራራ ጭጋግ በወረደ ቀን ወደ ቤት ማስገባት ግድ ነው። ዝቅ ብላ ሞቅ በምትለው ኮምቦልቻ ቶሎ ይደርሳል፣ ነገር ግን ከዝንብ በሻሽ መከለል አለበት።

ቋንጣ ቀጭን ስለሆነና ውሃው ቶሎ ስለሚወጣ ሮዙን ጨው አይፈልግም። ወፍራም ሙዳ በጥሬው ለቀናት ሲቀመጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚራባው አየር በሌለበት ነው፤ መርዙ ስጋው ምንም ሳይሸት ሊኖር ይችላል። ይህን ባክቴሪያ የሚገታው በሮዙ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ናይትራይት ነው። የተጠቀምንበት ቁጥር 1 የሚባለው ሮዝ ጨው 6.25 በመቶ ናይትራይት ይዟል፣ የቀረው ተራ ጨው ነው። ቀስ በቀስ ወደ ናይትራይት የሚለወጠው ናይትሬት የተጨመረበት ቁጥር 2 ለወራት ለሚደርቅ ስጋ ስለሆነ አልተጠቀምንበትም።

የቁጥር 1 ልክ ለ1 ኪሎ ስጋ 2.5 ግራም ነው። ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 6 ግራም ገደማ ስለሚይዝ በማንኪያ የለካ ሰው ከእጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። የእናቶቻችን እጅ ለወጥ የታመነ ሚዛን ነው፤ ለዚህ ጨው ግን 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል። ናይትራይት ሲበዛ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ ሊገድልም ይችላል።

በሁለተኛው መንፈቅ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው 1 ኪሎ የበሬ ስጋ በ2.5 ግራም ሮዝ ጨው፣ በ22.5 ግራም የገበታ ጨውና በ10 ግራም ስኳር ታሸ። ዱቄቱ አንድም ሳይቀር ከስጋው ጋር ፌስታል ውስጥ ገብቶ፣ አየሩ ወጥቶ ታሰረ። በ4 ዲግሪ ፍሪጅ በየቀኑ እየተገላበጠ 10 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ መሃሉ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ይቀቀላል። ሲቆረጥ እስከ መሃሉ ሮዝ መሆን አለበት። መሃሉ ግራጫ ከሆነ ጨው አልደረሰውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀን ይጨመራል እንጂ ጨው አይጨመርም። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ለሰዓታት ከሞቀ ስጋው ይጣላል፤ ቢያሳዝንም። እስኪያር መጥበስም ክልክል ነው፣ ናይትራይቱ ካንሰር አምጪ ናይትሮዛሚን ይፈጥራልና።

ሮዙ ጨው ስሙ ተጽፎበት በላብራቶሪው ቁም ሳጥን ተቆልፎ ይቀመጣል። ቀለም የተቀባው ከገበታ ጨው ጋር እንዳይምታታ ነው፤ በርበሬ ውስጥ ከገባ ግን ቀለሙ አይታይም። ስለዚህ ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አይደረደርም፣ የሚመዘነውም መምህር ባለበት ብቻ ነው።