ለከተማ ንብ አናቢዎች፦ ከክልከላ ይልቅ ምዝገባ

ለአዘጋጁ፦

በከተማ ንብ ማነብን አስመልክቶ ያወጣችሁት ጽሑፍ የመነደፍን ስጋት በሰፊው አትቷል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ቀፎን ከከተማ ማስወጣት ግን መፍትሔ አይደለም። ንብ በአብዛኛው የምትናደፈው ቀፎዋ ሲነካ ወይም በመመላለሻዋ ላይ ሰው ሲቆም ነው። ከቀፎው አፍ ፊት ለፊት 2 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው አጥር ካለ ሽቅብ ተነሥታ ከመንገደኛው ራስ በላይ ታልፋለች።

ጎረቤትን ይበልጥ የሚያማርረው፣ በእኔ ግምት፣ የውሃ ጉዳይ ነው። ንቦች በሙቀት ወቅት ቀፏቸውን የሚያቀዘቅዙት ውሃ እየቀዱ ነው፤ በቅርብ ካጡ የሰው ቧንቧና የልብስ ማጠቢያ ላይ ይሰፍራሉ። ጠጠር የተደረገበት ውሃ በዝርግ ሳህን ማኖር የአናቢው ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ ያውም ንቦቹ ሌላ ቦታ ከመልመዳቸው በፊት።

አናቢው ብቻውን የማይወጣው ግን የፀረ ተባይ ርጭት ነው። ንቦች ለቀሰም ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊርቁ ስለሚችሉ፣ ቀን በመናፈሻ አበባ ላይ የተረጨ መድኃኒት ሩቅ ያለ ቀፎን ይጎዳል። ስለዚህ የከተማ አስተዳደሮች ቀፎዎችን ይመዝግቡ፤ በምላሹም ርጭት ከመካሄዱ ከ48 ሰዓት በፊት ለተመዘገቡ አናቢዎች በስልክ መልእክት ያሳውቁ። ርጭቱም ንቦች ከገቡ በኋላ፣ ምሽት ላይ ይሁን።

አንድ ንብ አናቢ